የአውራ ጣት ዋጋ

በማሽን ዋጋ በሚቆረጥበት በዋጋ ቤት፣ አራተኛው መስኮት ላይ ሰው አለ ይባላል። የሚለው ጎሳዬ ነው፤ ጎሳዬ ደግሞ አንድ ወሬ ከያዘ አይለቅም። ጠዋት ዳቦ ሊያደርስ ሲመጣ ይለዋል፤ ዳቦውን አስረክቦ ሦስት እርምጃ ከሄደ በኋላ የረሳው ነገር ያለ ይመስል ተመልሶ ይደግመዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው አለ ብቻ ነበር ያለው። በሁለተኛው ሳምንት ያስነጥሳል አለ። በሦስተኛው፣ ላቡን በመሐረብ ሲጠርግ ያየው ሰው አለ፤ ያየውን ሰው የሚያውቅ ሰው ደግሞ እኔ አውቃለሁ አለ።

"ማሽን አያልበውም" አላት ለሩሚያ። "ካላበው ሰው ነው። ሰው ከሆነ ደግሞ አንጀት አለው።"

"አንጀት በግም አለው" አለችው ሩሚያ። "የሚታየው ግን ሲታረድ ነው።"

ጎሳዬ አልተቀየመም። አለመቀየም እንጀራው ነው፤ የሰፈሩ ግድየለሽ እሱ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ዋጋ በዕቃ ላይ ተጽፎ ይታይ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ ሁለት ሽማግሌዎች ቀርተዋል፤ እነሱም እርስ በርስ አይስማሙም። አሁን ዋጋ የሚነበበው ከገዢው ፊት ነው። የራበው ሰው ዳቦ ቤት ሲገባ ዳቦው ይወደዳል፤ የጠገበው ሲገባ ይረክሳል። ስለዚህ የሳቢያን ሰፈር ሰው ዳቦ ሊገዛ ከመውጣቱ በፊት ይበላል። የሚበላው ከሌለ ግድየለሽ ይልካል። እናቶች ልጆቻቸው አፍ ሲፈቱ ከ"እማ" ቀጥለው የሚያስተምሯቸው ቃል "አልፈልግም" ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው መድኃኒት ቤት ደጃፍ አይደርስም። ሙሽሮች ቀለበት ሲመርጡ ሠርጉ የጎረቤት ይመስል ጀርባቸውን ሰጥተው እያዛጉ ነው።

ጎሳዬ ጫት ከተወ ወዲህ ምንም አያምረውም። ቅጠሉን የጣልኩ ዕለት ምኞቴም ከነሥሩ ተነቀለ ይላል። የበሰለ ማንጎ አፍንጫው ሥር ቢያስቀምጡለት ልቡ አንድ ምት አይጨምርም። ስለዚህ ለአሥራ አንድ ቤት ዳቦ ይገዛል፤ ከየቤቱ አንዳንድ ዳቦ ለድካሙ ይወስዳል፤ ያንንም ለፍየሎች ይሰጠዋል።

ሩሚያ በድሩ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ታይዋን ገበያ ውስጥ ስልክ ትጠግናለች። ልጅ ሳለች ሒሳብ ይጥማት ስለነበር የሒሳብ ትምህርት በየሳምንቱ ይወደድባት ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ አባቷ መክፈል አቃተው። ጂኦግራፊ ስለምትጠላ ጂኦግራፊን እስከ አሥራ ሁለተኛ በነጻ ማለት ይቻላል ተማረች። የቀረውን ለብቻዋ ነው ያወቀችው። ማን አስተማረሽ ሲሏት "የሞቱ ስልኮች" ትላለች፤ ጠያቂው እንደቀለደች ቆጥሮ ይስቃል፤ እሷ ግን አትስቅም። ምላሷ ምላጭ ነው ይሏታል። ምላጭ ያልያዘች ሴት ታይዋን ውስጥ ጠረጴዛዋ ሁለት ቀን አያድርም፤ ይህንንም ማንም አላስተማራትም።

አባቷ በድሩ በሠርግ ቤት ማንዶሊን እየመታ የሚዘፍን ሰው ነበር። በሽታው ከእግሩ ጣት ጀምሮ ጡንቻውን አንድ በአንድ እያጠፋ ወጣ። ግንቦት ላይ የቀሩለት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ የቀኝ አውራ ጣቱና ድምፁ። ሐኪሙ ድምፁ ሰኔን አይዘልቅም ብሏል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ እጆቹ የሱ በነበሩበት ጊዜ፣ በድሩ ለዘጠኝ ዘፈኖች የሚሆን ሙዚቃ በአሮጌ የመቅጃ ፕሮግራም ላይ ቀድቶ አስቀምጧል። ማንዶሊኑን ራሱ መታ፤ ከበሮውን ራሱ መታ፤ ጭብጨባውን እንኳ ራሱ ስድስት ጊዜ ደራርቦ አጨበጨበው። ድምፁን ለመጨረሻ አቆየው። ድምፅ የት ይሄዳል ብሎ።

አሁን የሚቀዳው ድምፁን ነው። ኮምፒዩተሩ እንደ ጭነት መኪና ስለሚያጓራ ውጭኛው ክፍል ተቀምጧል፤ እሱ ከማይክራፎኑ ጋር እልፍኝ ተኝቷል። ቀረጻው ክፍት ሆኖ ከዋለ በደቂቃ ያስከፍላል፤ ትንፋሹ እያለቀ ላለ ሰው ደግሞ ደቂቃው ስንት እንደሚሆን መገመት ቀላል ነው። በቀን አራት ወይም አምስት ሙሉ ትንፋሽ ያገኛል። መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ መጣ ብሎ እስኪናገር ድረስ ደግሞ ትንፋሹ ሄዷል።

ሩሚያ "አውራ ጣት"ን የሠራችው ለዚህ ነው። በአባቷ ስልክ ላይ አንድ ቀይ ክብ አለ። ጣቱ ሲያርፍበት ውጭኛው ክፍል ያለው ፕሮግራም መቅዳት ይጀምራል፤ ጣቱ ሲነሳ ያቆማል። ሌላ ምንም የለውም። ተጠቃሚውም እሱ ብቻ ነው። በድሩ በዚህ ዘዴ በየቀኑ ጥቂት ስንኝ እያስገባ ሰባት ዘፈን ጨርሶ ስምንተኛው አጋማሽ ላይ ደርሷል። ያለፈው ሳምንት ለጎሳዬ፣ ስሞት ማንዶሊን እንጂ ሬሳ አትተዉልኝ ብሎት ነበር፤ ጎሳዬም እሺ አለው፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ግን አልጠየቀውም።

የዋጋ ቤት ማስታወቂያ ለሩሚያ የደረሳት ግንቦት ሃያ ሁለት ነው። ዋጋ ያልተቆረጠለት ማናቸውም መተግበሪያ በሰባት ቀን ውስጥ ሥራ ያቆማል ይላል።

ሩሚያ ዜሮ ብላ ጻፈች። ዜሮ ዋጋ አይደለም የሚል መልስ መጣ። አንድ ብር ብላ ጻፈች፤ ተቀበላት፤ አንዱ ብር ግን መነሻ ብቻ ነው፣ የቀረውን ፊት ይጨምርበታል። ወዲያው የአባቷን ስልክ አየች፤ ቀዩ ክብ ሥር በወር አርባ አንድ ሺህ ብር ይላል። ጣቱ ክቡ ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ ጣት ምን ያህል እንደሚፈልግ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ስልኩን ለጎሳዬ አስያዘችው። ሦስት ብር አለ። ግን መተግበሪያ እንደ ዳቦ አይላክበትም፤ የሚከፈተው በከፈለው ሰው ጣት ብቻ ነው።

የቀረው መንገድ ቁርጥ ዋጋ ነበር። ቁርጥ ዋጋ ለማንኛውም ፊት አንድ ነው። እሱ የሚሰጠው ዋጋ ቤት በአካል ለቀረበ ሠሪ ነው፤ መጠኑም የሚወሰነው ሠሪው ለሥራው ባለው ግምት ነው። ሠሪው የናቀውን ቤቱም ይንቀዋል። ራሷ የሠራችውን ነገር ቆሻሻ ነው ብላ፣ ቆሻሻ መሆኑንም በፊቷ፣ በልብ ምቷና በላቧ ማስመስከር አለባት ማለት ነው።

"አንቺ?" አለ ጎሳዬ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊስቅ የቃጣው ያኔ ነው። "አንቺ ጠረጴዛሽን 'ጠረጴዛ' ብሎ የጠራውን ሰው 'የጥገና ማዕከል ነው' ብለሽ ያባረርሽ ልጅ?"

"አቦ ተወኝ። አስተምረኝ።"

ሦስት ቀን አስተማራት። የአባቷ አልጋ አጠገብ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ የእጇን አንጓ በሁለት ጣቱ ይዞ ሥራዋን ይሰድባል፤ የደም ሥሯ ከዘለለ እንደገና ከመጀመሪያው። የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ከንቱ ሄደ። ጎሳዬ ለስድብ የሚሆን ስሜት እንኳ ስለሌለው የሚሰድበው ዕቃ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው ነው፤ እሷ ግን ለዚያም ትበግናለች። አባቷ ከአልጋው ሆኖ ሲሰማ ቆይቶ በሁለተኛው ቀን ተሳተፈ።

"ተው፣ አትችልበትም" አለው ለጎሳዬ። ትንፋሹን ሰበሰበ። "የመብራት ማብሪያ ሠርታ ኢንጂነር ሆንኩ ትላለች። አያቷም በገመድ ታበራ ነበር።"

ሩሚያ ፊቷ ጋለ። ጎሳዬ አንጓዋን ለቀቀና "እንደገና" አለ።

በድሩ ያን ቀን ካገኛቸው አምስት ትንፋሾች ሁለቱን ለስድብ አወጣቸው። ሩሚያ ቆጥራለች። ከዚያ በኋላ ነው ፊቷ ግድግዳ የሆነው፤ ለስድብ የወጣ ትንፋሽ ሌላ ስንኝ እንዳይበላ ብላ። በሦስተኛው ቀን አባቷ፣ ሥራሽ እንደ አክስትሽ ወጥ ነው፣ ሙያ የሌለው ሰው የሠራው መሆኑ ከሽታው ይታወቃል ሲላት፣ ጎሳዬ አንጓዋን ይዞ ምቱን ቆጠረና "ድንጋይ" አለ። ከሱ አፍ ይህ ምርቃት ነው።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ከዚራ ሰፈር ሄደች። ዋጋ ቤት ትላልቅ ዛፎች ባሉበት መንገድ ላይ ነው። ሰልፉ ረዥም ነው፤ ግን አይወራበትም። ሰው ያመጣውን ነገር በጨርቅ ሸፍኖ፣ መሬት መሬት እያየ ይራመዳል። አንድ ሽማግሌ የሠራውን በርጩማ እየረገጠ ያንከባልለዋል። አንዲት ሴት የጠለፈችውን ልብስ አፍንጫዋን ጠረገችበት። ሁለቱም ሲያደርጉት የተለማመዱ መሆናቸው ያስታውቃል፤ ሩሚያ በሆዷ፣ በርጩማው አሪፍ ነው አለች፤ ወዲያው ደግሞ ያንን ሐሳብ ዋጠችው።

በመጀመሪያው መስኮት ያለው ድምፅ እርስዎ ይላል። ድሬ ላይ ለአባትም ለሹምም አንተ ነው፤ አንቱታ የሚሰማው ከመስታወት ጀርባ ብቻ ነው።

ለመሥራት ምን ያህል ጊዜ ወሰደብዎት አላት። አላስታውስም አለች። ስምንት ወር ከአሥራ አራት ቀን ነው። መስታወቱ ላይ ዘጠኝ መቶ የሚል ቁጥር ታየ።

በሁለተኛው መስኮት፣ ይወዱታል ወይ አላት። ማንን አለች። ቁጥሩ ሁለት መቶ አርባ ሆነ።

በሦስተኛው፣ ዛሬ ቢጠፋ ምን ይሰማዎታል አላት። ስልኬ ላይ ቦታ ይለቅልኛል አለች። አሥራ ሁለት ብር። አሥራ ሁለት ብር በወር፣ ለማንኛውም ፊት፣ ለሚንቀጠቀጥ ጣትም። ማኅተሙን አራተኛው መስኮት ላይ ይቀበሉ አላት።

አራተኛው መስኮት ላይ ሰው ነበረ።

ሴት ናት፤ ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፤ የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ አለ፤ መሐረብ ይዛለች። ሩሚያ ይሄኔ ስድቡ ይመጣል ብላ አንጓዋን አዘጋጀች። ሴትየዋ ግን እጇን ዘረጋች። መቅጃው ለማሳያ የተጫነበትን የሩሚያን ስልክ ተቀብላ፣ ሀ እያለች ቀዩ ክብ ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች፤ አነሳች። እንደገና አሳረፈች። ጆሮዋን አቀረበች። ቅጂውን ከፍታ ሰማችው፤ ከፍታ ደግማ ሰማችው።

"አይዘገይም" አለች ለራሷ። ከዚያ ቀና አለች፤ አንቱታውን ጥላ። "ልጅ ሆኜ ስቱዲዮ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሁሉም ይዘገያሉ። ጣትሽን አስቀምጠሽ መቅዳት እስኪጀምር የመጀመሪያዋ ፊደል ታመልጣለች። ይሄ አያስመልጥም። አንቺ፣ እንዴት አድርገሽ ነው?"

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ማን አስተማረሽ ያሏት አሉ። ከየት ቀዳሽው ያሏት አሉ። እንዴት አድርገሽ ነው ያላት የለም።

ሩሚያ ነገረቻት። ፕሮግራሙ ጣት አይጠብቅም አለቻት። ሁልጊዜ ያዳምጣል፤ ያለፈችውን አንዲት ሰከንድ በእጁ ይይዛል፤ አዲስ ሰከንድ ስትመጣ አሮጌዋን ይጥላል፤ ሲይዝ ሲጥል፣ ሲይዝ ሲጥል ይውላል። ክፍት ቀረጻ ስላልሆነም አያስከፍልም። ጣት ሲያርፍ የያዛትን ሰከንድ ከቅጂው ፊት ይቀጥላታል። ስለዚህ ቅጂው የሚጀምረው ጣቱ ከመውደቁ በፊት ነው፤ ከመዝፈኑ በፊት የሚሳበው አየር እንኳ አለበት። ይህን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም አለቻት፤ የአባቴን ደረት እያየሁ ነው፤ ደረቱ ከጣቱ እንደሚቀድም አይቼ። መጀመሪያ ግማሽ ሰከንድ አድርጋው እንዴት እንዳነሰ፣ ሁለት ሰከንድ አድርጋው እንዴት የማሽኑ ሆድ እንደሞላ፣ ከሦስት የሞቱ ስልኮች የነቀለችውን ነገር እንዴት እንዳዋለችው፣ ሁሉንም ነገረቻት። እጆቿ ይናገሩ ነበር። ሴትየዋ በትክክለኛው ቦታ ሁሉ ራሷን ትነቀንቃለች፤ አንድ ቦታ ላይ "እረ!" አለች። አራት ደቂቃ ያህል ሆነ።

ሩሚያ መስታወቱን ያየችው ከጨረሰች በኋላ ነው። ስልሳ ስምንት ሺህ ብር ይላል። በወር። ማኅተሙ ታትሟል፤ ለዓመት አይሻርም።

ታይዋን ውስጥ ዓመት ሙሉ ያለ ምሳ ብትቆም የማታገኘው ገንዘብ ነው። ቁጥሩን ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ሴትየዋን አየቻት፤ ሴትየዋ ከንፈሯን እየጠረገች ነበር።

"ከልብሽ ነው የጠየቅሽኝ?"

"ከልቤ ባልጠይቅ ማን ይመልስልኛል?" አለች ሴትየዋ። ስልኩን በመስኮቱ ሥር አሳለፈችላት። "ለዚህ ነው የቀጠሩኝ።"

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀዩ ክብ ስላልተከፈለበት ግራጫ ሆነ። ሌላ እንዳትሠራ፣ አንዴ ዋጋ የገባለትን ነገር አምሳያ ስልኩም ኮምፒዩተሩም ሳይከፈልበት አይከፍተውም። ሩሚያ ታይዋን መሄዷን ትታ ቤት ዋለች። የአባቷ አውራ ጣት ላይ ክር አስራ፣ ክሩን በግድግዳው ቀዳዳ አሳልፋ፣ ጫፉ ላይ ማንኪያ አንጠለጠለች። ማንኪያው ሲነቃነቅ የኮምፒዩተሩን መቅጃ ቁልፍ ትጫናለች። ፈጣን ናት፤ በሰፈሩ እንደሷ ጣቷ የሚፈጥን የለም። ግን ሰው ናት፤ አይታ፣ አውቃ፣ ተጭና ነው። ሁልጊዜ የመጀመሪያው ቃል ያመልጣል። ቀኑን ሙሉ ማንኪያ ስታይ ትውላለች፤ ሽንት ቤት ስትሄድ ጎሳዬን ታስቀምጣለች፤ ጎሳዬ ሲቀመጥ ደግሞ ማንኪያው ቢነቃነቅም አይቸኩልም፤ ጸባዩ አይደለም። በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ አርባ ሦስት ስንኝ ሰበሰቡ፤ አርባ ሦስቱም ራስ የላቸውም። በድሩ እያንዳንዱን ያዳምጥና ጣቱን ሁለት ጊዜ ያነሳል። ይጥፋ ማለቱ ነው።

ለአባቷ የነገረችው፣ ማሽኑ አመሌን አወቀብኝ ብላ ነበር። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ትራሱን ስታስተካክል እውነቱን አወጣችው። ሴት ነበረች፤ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት አለችው። ስድብ ጠብቄ ነበር አለችው። ለስድብ ድንጋይ ነበርኩ።

በድሩ ዓይኑን ወደ ኮርኒሱ መለሰ። ሩሚያ የሚለው ነገር ቢኖር ቶሎ እንዲለውና እንዲያበቃ ፈለገች።

"ምን ብላ ጠየቀችሽ?"

"እንዴት አድርገሽ ነው አለችኝ።"

"እኔ ጠይቄሽ አላውቅም" አለ። አየር ፈለገ። "ይህን ሁሉ ጊዜ ጣቴን ሳስቀምጥ ኖርኩ እንጂ።"

"ዝም በል አባ፣ ትንፋሽህን አትጨርስ።"

"ንገሪኛ።"

ነገረችው። ይዞ የሚጥለውን፣ የሚጥለውን ይዞ የሚቆየውን፣ ደረቱ ከጣቱ እንደሚቀድም ያየችበትን ቀን። ሲሰማ አውራ ጣቱ አንሶላው ላይ ይነሳና ይወድቃል፤ ማንኪያው ውጭኛው ክፍል ውስጥ ለብቻው ይንቀጫቀጫል፤ የሚጫንለት ግን የለም። ስትጨርስ ጣቱ አንሶላው ላይ አረፈ።

"እኔም ብሆን እነግራት ነበር" አለ።

በነጋታው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሩሚያ ማንኪያው ሲነቃነቅ አይታ ቁልፉን ተጫነች። ዘፈኑ ተጀመረ፤ ማንዶሊኑ መጣ፤ ከበሮው ገባ፤ ጭብጨባው ስድስት እጥፍ ሆኖ ተከተለ። ድምፅ የሚገባበት ቦታ ደረሰና አለፈ። አልዘገየችም ነበር። እልፍኝ ስትገባ አባቷ አፉን ከፍቶ፣ የደረቱን አየር ሁሉ እያወጣ፣ ይዘፍናል፤ የሚሰማው ግን የአየሩ ብቻ ነው። ክሩን ፈታችለት። ጣቱ ላይ ሰንበር አለ።

ስምንተኛው ዘፈን ግማሽ ነው፤ ዘጠነኛው ማንዶሊን ብቻ።

ሐምሌ ላይ ሩሚያ ወደ ታይዋን ተመልሳ ነበር። አንድ ማለዳ ደንበኛ የተሰነጠቀ ስልክ ሰጥቷት ሊያጨስ ወጣ፤ እስኪመለስ የራሷን ስልክ ታጸዳ ጀመር። ማስታወቂያው እዚያው ነበር። ከሥሩ የደንቡ ሙሉ ቃል አለ፤ እሱም እንደማንኛውም ነገር ዋጋ አለው። ማስታወቂያው በደረሰበት ቀን ልትከፍተው ሞክራ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ብር ብሏት ዘግታው ነበር። አሁን ሃምሳ ሳንቲም ይላል። ለምን እንደከፈለች አታውቅም፤ ሌላ የሚሠራ ስላልነበረ ነው። አብዛኛው ስለ ቅጣትና ስለ ማኅተም ነው። ገጾቹን በአውራ ጣቷ እየገፋች አለፈች፤ አራተኛው ገጽ ላይ አንቀጽ ሰባት እንዲህ ይላል፦

"ይህ ደንብ አንድ ተጠቃሚ ብቻ ያላቸውን መተግበሪያዎች አይመለከትም፤ ባለቤቱ በራሱ ፈቃድ ዋጋ ካላስገባላቸው በቀር ያለ ክፍያ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።"